ሰም ብቻ፦ የሠላሳ ቀን ሃይኩ በፊልቱ

ሃይኩ የተባለው የጃፓኖች አጭር ግጥም ወደ አገራችን ሲገባ ከጓዙ ሁሉ ቀድሞ የደረሰው ቁጥሩ ነው። አምስት፣ ሰባት፣ አምስት። ስለ ሃይኩ ሌላ ነገር ያልሰማ የግጥም ወዳጅ እንኳ ይህችን ቁጥር በቃሉ ይዟታል። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ቁጥሯ የምታባብል ናት፤ የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ የሚይዝ እንደ መሆኑ መጠን፣ አሥራ ሰባት ፊደል ቈጥሮ በሦስት መስመር መደርደር ከማንም ይልቅ ለእኛ የሚቀል ይመስላልና። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ቁጥሩ የነገሩ ቀላል ክፍል ነው፣ ከባዱ ሌላ ነው የሚል ነው። ለማስረጃም በቅርብ ዓመት በፊልቱ ከተማ፣ ከመጋቢት 1 እስከ መጋቢት 30፣ ሦስት ሰዎች በቀን አንድ አንድ ሃይኩ ለመጻፍ ተዋውለው የፈጸሙትን ሥራ እናቀርባለን። ከሦስቱ አንዱ ይህ ጸሐፊ ነው፤ ሁለተኛው የአማርኛ መምህር፣ ሦስተኛው የፊልቱ ተወላጅ የሆኑ የሶማልኛ መምህር ናቸው። ከወሩ የተገኘው ዘጠና ግጥም ነው።

ፊልቱ በሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ከተማ ናት፤ ከነጌሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ ዶሎ አዶ የሚወርደው መንገድ ያልፍባታል። አገሩን ገናሌ በአንድ ወገን፣ ዳዋ በሌላው ወገን ይዘውት ይወርዱና ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ የሚባለውን ወንዝ ያስገኛሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግን የግራርና የቁጥቋጦ፣ የግመልና የፍየል፣ የከርቤና የሙጫ ቈላ ነው። እኛን በዚያ ያገናኘን የሥራ ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ አይነሣም።

ውሉ ሦስት አንቀጽ ብቻ ነበረው። ያልተጻፈበት ቀን በነጋታው በሁለት ግጥም አይካካስም። ግጥሟ በዚያን ዕለት በዓይን ከታየ ነገር ትነሣለች። ማታ ማታ ሻይ ሲቀርብ (በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ነው፤ የለመደው ሰው ሌላውን አይፈልግም) ሁሉም የራሱን በቃል ያሰማል፤ ወረቀት ለሰሚ አይሰጥም። ወሩን መጋቢት ያደረግነው የጅላል መጨረሻ የጉ ዋዜማ ስለሆነ ነው፤ የእነዚህን ቃላት ፍቺ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሠላሳ ቀን ሞልቶ የማይጎድል ወር ደግሞ በእኛ ዘመን አቈጣጠር እንደ ልብ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ውል ጳጉሜን የሚመርጥ ሰው ቢኖር ሰነፍ ይባል ነበር።

በወር የተወሰነ የሃይኩ ሥራ በሌላም ዓለም የታወቀ ነው። በሰሜን አሜሪካ ገጣሚው ማይክል ዲላን ዌልች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የፌብሩዋሪን ወር ለዚሁ ሥራ አውለውታል፤ ከወራት ሁሉ አጭሩ ለአጭሩ ግጥም ይገባል በማለት። የሚያስገርመው ግን የሥራው ምልክት አምስት-ሰባት-አምስት የሚለው ቁጥር በመስመር ተሰርዞ የሚታይበት ሥዕል መሆኑ ነው። ሃይኩን ከሚወዱት መካከል ቁጥሩን የሚሰርዙ እንዳሉ ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል።

በየቀኑ መጻፍ ብዛትን እንደሚያስገኝ የታወቀ ነው፤ ብዛት ግን ለሁሉም ሰው አንድ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1684 ጃፓናዊው ኢሐራ ሳይካኩ በሱሚዮሺ ቤተ መቅደስ በአንድ ቀንና ሌሊት 23,500 ስንኝ እንደ ደረደረ በታሪክ ተጽፏል፤ ጸሐፊዎቹ ቃሉን ለመያዝ ስላልቻሉ ቁጥሩን ብቻ ምልክት እያደረጉ መዝግበዋል። ይህ የጉልበት ትዕይንት ነው እንጂ የግጥም መዝገብ አይደለም። በአንጻሩ ጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ ሪቻርድ ራይት ፓሪስ ላይ ታሞ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ከመሞቱ በፊት በነበሩት ወራት፣ አራት ሺህ ያህል ሃይኩ ጽፏል፤ ከእነዚያ ውስጥ ራሱ መርጦ ያስቀረው 817 ብቻ ነው፤ መጽሐፉም የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከአምስት አንድ ያህል ማለት ነው። ሠላሳ ቀን የጻፈ ሰው ይህን ልኬት ቢቀበል ስድስት ግጥም ይተርፈዋል፤ መልካም ምርት ነው።

ለእኛ ግን በቀን አንድ ግጥም ማለት እንግዳ ነገር አይደለም። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ሦስት ሦስት ቤት ባላቸው በዘአምላኪየና በሚበዝኁ በኩል አልፎ፣ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ከሰው ተለይቶ በየዛፉ ሥር ሲቈጥር የዋለውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ ከሌላ የተወሰደውን ይጥላሉ። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም። ስለዚህ የሃይኩን ወር ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ አድርጎ የሚያይ ሰው የራሱን ቤት በቅጡ አላየም ማለት ነው። ሦስት ቤት ያላት አጭር ግጥም በየቀኑ መቈጠር በዚህ አገር የቆየ ሥርዓት ነው። ልዩነቱ ያለው ቅኔው ከሚጠይቀውና ሃይኩ ከሚከለክለው ነገር ላይ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። ከዘጠናው ግጥሞች በአራተኛው ቀን ከቀረቡት አንዷ ይህች ናት፦

ልቤም ኤላ፣
ውሃ የራቀበት፤
ገመድ አጣ።

ኤላ በቦረና ምድር በሰው ኃይል ተቈፍሮ ከጥልቁ ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ ነው። ፊደሉን የቈጠረ ሰው አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ያገኛል። በጆሮ የሰማት ሰው ግን ያን አያገኝም። «ልቤም» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ነው፤ በአፍ ሁለት ቀለም ነው። «የራቀበት» አምስት ፊደል ሆኖ በአፍ አራት ነው። እንዲህ እያልን ብንሄድ በገጽ ላይ አሥራ ሰባት የሆነችው ግጥም በጆሮ አራት፣ ስድስት፣ አራት፣ በድምሩ አሥራ አራት ሆና እናገኛታለን። ምክንያቱ ሳድስ ነው። ሳድስ ፊደል አንድ ጊዜ ድምፅ ይዞ ይቆማል፣ አንድ ጊዜ ድምፁን ጥሎ በፊቱ ላለው ቀለም መዝጊያ ይሆናል፤ ፊደሉ ግን ሁለቱንም በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል። ጃፓኖች የሚቈጥሩት «ኦን» የተባለው ልክ የጠበቀውን ተነባቢ ለብቻው ይቈጥራል፤ እኛ መጥበቅን ከነጭራሹ አንጽፈውም። ስለዚህ በፊደል የተቈጠረ የአማርኛ ሃይኩ የጃፓንንም ልክ አልያዘም፣ የአማርኛንም አልያዘም።

የአማርኛ ግጥም በጆሮ እንደሚመጠን መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ከተመራመሩበት ጊዜ ወዲህ ይህ ክርክር ሊኖርበት የሚገባ ጉዳይ አልነበረም። የወል ቤት ስድስትና ስድስት ነው፤ ሰንጎ መገን አምስትና አምስት። ከዚህ የተነሣ ሃይኩ በአማርኛ ጆሮ ላይ የሚያደርሰው አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የመጀመሪያው መስመር አምስት ሲል ጆሯችን ሰንጎ መገን መጣ ብሎ ሌላ አምስት ይጠብቃል፤ ሰባት ሲመጣበት ሁለት እርምጃ ባዶ ሜዳ ላይ ይሄዳል። ቤትም አይመታለትም። የለመደው ማረፊያ ሁሉ ይነሣዋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። በእኔ አስተያየት ግን በአማርኛ ሃይኩ ውስጥ ዋጋ ያለው የቅርጽ ነገር ይኸው መሰናከል ነው፤ ጆሮ ሲሰናከል ዓይን ይነቃል።

አሁን ወደ ኤላዋ ግጥም እንመለስ። የቁጥሯ ነገር ትንሹ ነው። ትልቁ «ልቤም» የምትለው ቃል ናት። ኤላው በዓይን የታየ ነው፤ ገመዱም፣ የውሃው መራቅም የታየ ነው። «ልቤም» ስትገባ ግን ኤላው ኤላነቱ ቀርቶ የገጣሚው ማልቀሻ ይሆናል። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ነው። የቅኔው ትምህርት በደማችን ገብቷል፤ ቅኔ ያልቈጠረው እንኳ ከአዝማሪው፣ ከሙሾው፣ ከሠርግ ዘፈኑ ተምሮታል። አንድ ነገር ሲጠራ በሥሩ ሌላ ነገር እንፈልጋለን፤ ካላገኘን ግጥሙ ገና አላለቀም እንላለን። የባሾ (እ.ኤ.አ. 1644–1694) ዝነኛ እንቁራሪት ግን እንቁራሪት ናት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተንታኞች ብዙ ወርቅ ሲቈፍሩባት ኖረዋል፤ እርሷ ግን ያው እንቁራሪት ሆና ውሃው ውስጥ ትገባለች። ሃይኩ ሰም ብቻ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ለአበሻ ገጣሚ ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና ይኖራል?

የሠላሳው ቀን ጥቅም የተገለጠው በዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ግጥሞች በአብዛኛው የኤላዋ ዘመዶች ናቸው፤ ግራሩ ስደተኛ ነው፣ ኵይሳው መቃብር ነው፣ መንገዱ ዕድሜ ነው። ቀጥለው የመጡት ተረትና ምሳሌ ሆኑ፤ እያንዳንዷ የምታስተምር፣ እያንዳንዷ ጣት የምትቀስር። በአሥራ አራተኛው ወይም በአሥራ አምስተኛው ቀን ገደማ ግን የሦስታችንም ምሳሌ አለቀ። ሰው ይዞት የሚዞረው የምሳሌ ስንቅ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ በዓመት አሥር ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያውቀው ይኖራል፤ በየቀኑ የሚጽፍ ግን ያውቀዋል። ውሉ ግን ገና አላለቀም፤ ማታ ሻይ ይፈላል፤ አንድ ነገር መቅረብ አለበት። ያኔ ሰው ወጥቶ ማየት ይጀምራል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን የአማርኛ መምህሩ ያቀረበው ይህ ነው፦

ጅላል፣ ማለዳ፤
ከጀሪካኑ ቀድሞ
ጥላው ደረሰ።

ይህች ግጥም በፊደል ስድስት፣ ስምንት፣ ስድስት ናት፤ በጆሮ ግን ትክክለኛ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት። ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ የሚመጣ ውሃ ቀጂ፣ ከፊቱ የሚረዝም ጥላ፣ ከጥላው ኋላ ጀሪካኑ። ተሸካሚው በግጥሙ ውስጥ የለም፤ ሴት ትሁን ሕፃን አልተነገረንም። «ደከመች» አልተባለም፤ «ጠማት» አልተባለም። እንዲያም ሆኖ ጥላው ደረሰ ሲል ውሃው ገና አልደረሰም ማለት እንደ ሆነ ሰሚ ሁሉ ያውቃል። ወርቅ ነው ካልን ወርቁ ከሰሙ ሥር አልተቀበረም፤ ሰሙ ራሱ ነው።

«ጅላል» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እዚህ ላይ መግለጽ ያስፈልጋል። በጃፓኖች ደንብ ሃይኩ ወቅትን የሚያመለክት አንድ ቃል ይኖረዋል፤ «ኪጎ» ይሉታል። እነዚህ ቃላት በየወቅታቸው የተመዘገቡባቸው «ሳይጂኪ» የተባሉ መጻሕፍት አሏቸው። ማሳኦካ ሺኪ (እ.ኤ.አ. 1867–1902) ይህችን አጭር ግጥም ከረጅሙ የቅብብል ግጥም መግቢያነት ለይቶ ሃይኩ በሚለው ስም ባጸናበት ጊዜም የወቅቱን ቃል አልጣለም። ጃፓናዊ አንባቢ አንዲት የአበባ ስም ሲሰማ ወሩን፣ ብርዱን፣ በዓሉን አብሮ ይሰማል። አጭሩ ግጥም አጭር ሆኖ የሚበቃው በዚህ ነው፤ ያልተነገረውን ዓመቱ ይናገርለታል።

የደጋው አማርኛ ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ። በባሕረ ሐሳብ ቍጥር መጋቢት 26 በጋ አልፎ ፀደይ ይገባል። እኛም በውላችን መካከል ይህን ቀን አገኘነው፤ ነገር ግን «ፀደይ» የሚለው ቃል በፊልቱ ሰማይ ሥር ሲነገር የመጽሐፍ ቃል ብቻ ሆኖ ተሰማን። ሶማሌው የራሱ አራት አለው። ጉ ከመጋቢት መጨረሻ ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጠበቀው ዋናው ዝናብ ነው፤ ሐጋ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የነፋስና የደረቅ ጊዜ፤ ደይር የጥቅምትና የኅዳሩ አጭር ዝናብ፤ ጅላል ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀው ረጅሙ ደረቅ። ከነጌሌ ወዲያ ያለው ቦረናም እንዲሁ ጋና፣ አዶሌሳ፣ ሐጋያ፣ ቦና እያለ ይከፍለዋል። አርብቶ አደር ለወቅት ያለው ጆሮ ከማንም የሰላ ነው፤ ከብቱ የሚኖረውና የሚሞተው በእነዚህ ቃላት ነውና። ስለዚህ በፊልቱ የሚጻፍ የአማርኛ ሃይኩ ወቅቱን ከሶማልኛ ቢዋስ ብድሩ የጌጥ አይደለም። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ሦስታችንም «በጋ» ማለትን ትተን ጅላል አልን።

ከዚህ ላይ ግን ባሾም ሺኪም ያልነገሩን ችግር ይመጣል። የወቅት ቃል ወቅቱ እንደሚመጣ አምኖ የተሠራ ነው። አበባው ዘንድሮ ባይፈካ እንኳ በከርሞው ይፈካል። ከ2013 ዓ.ም. ደይር ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ደይር ድረስ ግን በአፍሪካ ቀንድ ቈላማ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በሶማሌ ክልልና በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ሰው ከመንደሩ ተነቀለ። ከእነዚያ ወቅቶች ሁለቱ ጉ ነበሩ። ስሙ መጣ፤ ዝናቡ አልመጣም። ይህን ያየ ሰው ፊት «ጉ» ብሎ ግጥም የሚጀምር ገጣሚ ቃሉ ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ አለበት። «ጉ» ማለት ዝናብ ነውን? ወይስ ዝናብ የሚጠበቅበት ወር? በሌላ አገር አንድ የሆኑት እዚህ ሁለት ሆነዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በወሩ መጨረሻ ሰሞን ብዙ ተከራክረናል። የሞተ ከብት የሚታይበት ግጥም ይጻፍ አይጻፍም የሚለው ዋናው ነበር። የአማርኛ መምህሩ በአሥራ ሰባት ቀለም ስለ ሬሳ መናገር ሬሳውን ማቃለል ነው ይል ነበር። የእኔ አቋም ከዚህ የተለየ ነው። ሬሳውን የሚያቃልለው ማጠሩ ሳይሆን ምሳሌ ማድረጉ ነው፤ አጥንቱን የአገር፣ የትውልድ፣ የልብ ስብራት ምሳሌ ያደረገ ግጥም ሁለት መቶ መስመር ቢሆንም ላሟን ከባለቤቷ ቀምቷል። ሰሙን ሰም ብሎ የተወ ግጥም ግን ላሟን ላም ያደርጋታል፤ የማን እንደ ነበረችም አይረሳም። በሃያ ስምንተኛው ቀን በዚህ አሳብ ተነሥቼ ያቀረብሁት ይህን ነው፦

የጉ ወር ገባ፤
በተጠረገው ብርካ
ፍየል ተኝታለች።

ብርካ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም በመሬት ውስጥ የሚሠራ ገንዳ ነው። ዝናብ ሳይመጣ አስቀድሞ ይጠረጋል። የጠረጉት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ገንዳው ቀዝቃዛና ጥላ ያለው ስለሆነ ፍየሏ ገብታ ተኝታበታለች። ከዚህ ሌላ በግጥሙ ውስጥ የለም።

የሶማልኛው መምህር ይህችን ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው «ሂጋዱስ?» ሲሉ ጠየቁ። ሂጋድ በሶማልኛ ግጥም ውስጥ ቃላቱን የሚያስተሳስረው የመነሻ ድምፅ ነው። በአማርኛ ቤት የሚመታው ከመጨረሻ ነው፤ በሶማልኛ የሚመታው ከመጀመሪያ ነው፤ አንድ ግጥም በአንድ ድምፅ ከተነሣ እስከ ፍጻሜው ያንኑ ድምፅ ይዞ መሄድ አለበት። ከዚህም በላይ መስመሩ በአናባቢዎች እጥረትና ርዝመት ይመጠናል፤ የዚህን ምጣኔ ደንብ ገጣሚው ሞሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋርዬ» እ.ኤ.አ. በ1976 በጋዜጣ ላይ ባወጣቸው ጽሑፎች ገልጦታል፤ የሶማልኛ ጽሕፈት ከታወጀ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው። ሕዝቡ ደግሞ ደንቡን ሳያነብ በጆሮው ሲጠብቀው ኖሯል። አጭር ግጥምም አልቸገራቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የመኪና ሾፌሩ ዐብዲ ሲኒሞ ያስነሣው በልዎ የተባለው የፍቅር ግጥም ከሃይኩ የማይረዝም ነበር። ለእኚህ ሰው ታዲያ ቤት የማይመታ፣ ሂጋድም የሌለው ሦስት መስመር ያልታሰረ ጭነት ነው፤ ግመሉ ከመነሣቱ ይበተናል።

በማግስቱ የእኔን ግጥም በሶማልኛ መልሰው አመጡ። በሶማልኛ ፍየል ሪ ናት። ግጥሙ «ጉ» ብሎ ስለ ተነሣ ሪ አልገባችለትም፤ በ«ገ» የሚነሣ ያስፈልጋል። ፍየሏ ወጥታ በእርሷ ፈንታ ጌል ገባ፤ ግመል ማለት ነው። ግመል ግን ብርካ ውስጥ ገብቶ አይተኛም። ስለዚህ ከአፋፉ ቆሞ አንገቱን ወደ ባዶው ገንዳ አስገባ። ፍየሏ የነበራት ዕረፍት ጠፋ፤ በምትኩ የሚፈልግ እንስሳ መጣ። አንድ ድምፅ የግጥሙን ነገር ሁሉ ለወጠው።

የአማርኛ መምህሩ ወደደው። የሶማልኛው መምህርም ክርክሩን በአጭሩ ዘጉት፤ ጉ ተብሎ ግመል ካልተጠራ ማን ሊጠራ ነው አሉ። ለሶማሌ ሰሚ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ብቻ ሳይሆን በኑሮም የተሳሰሩ መሆናቸውን አልክድም፤ ግጥሙም በራሱ መልካም ግጥም ነው፣ ምናልባት ከመነሻው የሚበልጥ። ከዘጠናው መካከል ሊቀሩ ይገባል ያልናቸውን አሥራ አንድ ግጥሞች በሠላሳኛው ማታ ስንመርጥ፣ የግመሉ ግጥም አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ይግባ የሚለው አሳብ በሁለት ድምፅ አለፈ። የተቃወምሁት እኔ ነኝ፤ አሁንም እቃወማለሁ። ውላችን በዕለቱ ከታየ ነገር ትነሣ ይል ነበር። በዚያ ሰሞን ብርካው አጠገብ ግመል አልነበረም፤ ውሃ ፍለጋ ወደ ገናሌ ወርደው ነበር።